በብረትና በብረት መካከል

(በምሩቃን መገናኛ ዕለት የተደረገ ንግግር)

ሽበት የጀመራችሁንም፣ ጸጉራችሁ የሸሸውንም፣ ምንም ያልተለወጣችሁትንም ሳይ ደስ ብሎኛል። ያልተለወጣችሁት ምሥጢሩን ከምሳ በኋላ ትነግሩናላችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ጊዜ አጭር ነው። «ስለ መዋጯችን አንድ ነገር በይ» ነው የተባልኩት። እንደምታውቁት ዘንድሮ በተሰበሰበው ገንዘብ ምን ይገዛ በሚለው ላይ አልተስማማንም። አንዳንዶቻችን አልትራሳውንድ እንላለን፣ አንዳንዶቻችን የማደንዘዣ ማሽን እንላለን። እኔ ደግሞ የማወራችሁ ስለ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ፤ ቮልሷን ያመጣኋት የምጠይቃችሁ ነገር ስላለኝ ነው።

እኔ የመራዊ ልጅ ነኝ። ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጋችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ፣ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብላችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቃት በቆጋ ግድብና በመስኖው ነው። አባቴ እዚያ የጤና ረዳት ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ከሥራ ዘመናቸው የተረፋቸው ሀብት ቢቆጠር አንድ ቤት፣ አንድ የባሕር ዛፍ መደብና አንዲት የ1971 እ.ኤ.አ. ሥሪት ቮልስ ናት።

ያቺ ቮልስ ለቤታችን መኪና ብቻ አልነበረችም። አምቡላንስ የሚባል ነገር በአካባቢው ባልነበረበት ዘመን፣ ሌሊት በራችን ሲንኳኳ አባቴ ጫማቸውን ሳያስሩ ነበር የሚወጡት። ምጥ የጠናባት ሴት፣ እባብ የነደፈው እረኛ፣ ከዛፍ የወደቀ ልጅ፣ ሁሉም በዚያች መኪና የኋላ ወንበር ተኝቶ ባሕር ዳር ደርሷል። ገንዘብ አይቀበሉም። አንዳንዴ በማግስቱ አንድ ዶሮ ወይም አንድ ቁና ጤፍ ደጃፋችን ላይ እናገኛለን፤ ማን እንዳስቀመጠው አይታወቅም።

ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት መኪናዋ መታመም ስትጀምር፣ የታመመው የቤተሰብ ሰው ያህል ነበር። በሽታዋ እንዲህ ነው። አባቴ አንደኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ሲለቁ፣ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። አንዴ ከተነሣች በኋላ ደህና ትሄዳለች። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲለቁ ደግሞ ማርሹ በራሱ ጊዜ ይዘላል። የኋላ ማርሽ ለማስገባት ሁለት እጅ ይፈልጋል። ወንድሜ «ትሸጥ» አለ። አባቴ መልስ አልሰጡም፤ ግን ለሁለት ቀን ምሳ አልበሉም።

ባሕር ዳር ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ተወሰደች። መካኒኩ ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «የፍሪሲዮን ሸራ አልቋል» አለ። ሸራው ተቀየረ። አንድ ወር ሳይሞላ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ወደዚያው ተመለስን። «ሸራው ጥራት የለውም ነበር» ተባለና ሌላ ሸራ ገባ። አሁንም አልዳነችም። እናንተ ሐኪሞች ይሄን ታሪክ ታውቁታላችሁ። በሽተኛው አልዳነም፤ መድኃኒቱ ግን ሁለት ጊዜ ታዘዘ።

በመጨረሻ መራዊ ውስጥ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ የሚሠራ አንድ ሸምገል ያለ መካኒክ ዘንድ ሄድን። አባቴ «ሸራ ቀይርልኝ» አላሉትም፤ «እስቲ እያት» ነው ያሉት። እሱም መጀመሪያ ያደረገው ነገር መፍቻ ማንሣት አልነበረም። «ጋሼ፣ አስነሧትና የእጅ ፍሬን ይያዙ። አንደኛ ያስገቡና ፍሪሲዮኑን ትንሽ ብቻ ይልቀቁ» አለ። እሱ ኋላ ሄዶ ቁጢጥ አለና አየ። ሞተሩ ሽቅብ ተነሣ፣ ወረደ፣ ተነሣ። ከዚያ መኪናዋን አጥፍቶ በክሪክ አነሣት፣ ከሥር ገባ፣ የብረት ዘንግ በካምቢዮውና በሻንሲው መካከል አስገብቶ ገፋ አደረገ። ወጣና እጁን እየጠረገ፣ «ዶክተር፣ ሸራው ምንም አልሆነም። ጎማው ነው የሞተው» አለኝ።

የትኛው ጎማ? እዚህ ላይ ስለ ቮልስ ትንሽ ላስረዳ። ቮልስዋገን ቢትል ከ1938 ጀምሮ ጀርመን ውስጥ የተሠራች፣ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣች መኪና ናት። በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርታለች። ሞተሯ ከኋላ ነው። የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ ውሃ በሌለበት አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሞተሩ አካል ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ፣ ክብደቱም አንድ ሰው በክሪክ ተረድቶ ሊያወርደው የሚችል ነው። ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ማሰሪያ ነው፤ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት፣ ሁሉም በ17 ቁልፍ የሚፈቱ።

የሚገርመው ግን ይሄ ነው፤ የቢትል ሞተር የራሱ መቀመጫ የለውም። ከካምቢዮው ጋር ታስሮ የተንጠለጠለ ነው። ካምቢዮው ደግሞ በሦስት ጎማ ላይ ተቀምጧል፤ አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ከብረት ጋር ተጣብቀው የተሠሩ፣ ጭብጥ የሚያክሉ ጎማዎች ናቸው። የሞተሩም የካምቢዮውም ክብደት፣ የሞተሩ ምት፣ የመንገዱ ጉድጓድ፣ ሁሉም የሚያልፈው በእነዚያ ሦስት ጎማዎች ነው። እኛ «የሞተር ጎማ» የምንላቸው እነሱን ነው።

እነዚያ ጎማዎች ሲደክሙ ካምቢዮው ከቦታው ይንሸራተታል። የፍሪሲዮኑ ገመድ የሚያልፍበት ቱቦ አለ፤ ያ ቱቦ ጥቂት ጎበጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። ካምቢዮው ሲንቀሳቀስ ጉብጠቱ ይለወጣል፤ ገመዱ አንዴ ይወጠራል፣ አንዴ ይላላል። እናም ሹፌሩ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ፍሪሲዮኑ በራሱ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። መንቀጥቀጡ ከዚያ ነው። የማርሹ ዘንግም ከፊት የሚመጣ ስለሆነ፣ ካምቢዮው ወደ ኋላ ሲሸሽ ማርሹ ይዘላል። ስለዚህ ሕመሙ የሚሰማው ፍሪሲዮን ላይ ነው፤ በሽታው ያለው ጎማው ላይ ነው።

ሦስተኛ ዓመት ሳለን «ጉልበቴን አመመኝ ያለ ልጅ ሲመጣ ዳሌውን ሳትመረምሩ እንዳትልኩት» ተብለናል። ከድያፍራም በታች ያለ ደም ወይም መግል ትከሻ ላይ እንደሚያም ተምረናል። የልብ ሕመም ግራ ክንድ ላይ ይወርዳል። የሚጮኸው ቦታና የታመመው ቦታ አንድ አይደሉም። ያ የመራዊ መካኒክ ይሄን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ግን ከብዙዎቻችን በተሻለ ይሠራበታል። ከማዘዙ በፊት መረመረ።

ሌላም ነገር አለ። ጎማው ለምን ዝም አለ? ለምን ቶሎ አልተናገረም? ካርትሌጅ ነርቭ የለውም። ጉልበት ውስጥ ያለው ካርትሌጅ ሲያልቅ ራሱ አያምም፤ የሚያመው ከሥሩ ያለው አጥንትና ዙሪያው ያለው ሥጋ ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክም አዋቂ ሰው ላይ የራሱ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል፤ ምግቡን የሚያገኘው ከጎረቤቶቹ ቀስ እያለ ነው። በመካከል ሆኖ ጫና የሚሸከም ነገር ጠባዩ ይሄ ነው። ደህና ሲሆን ማንም አያስታውሰውም። ሲያልቅ ደግሞ የሚወቀሰው ሌላው ነው።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። ጎማው ሞቷል ከተባለ በኋላ ጋራዡ ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ «ከአይሱዙ ጎማ ቆርጠን እንሥራለት፤ በረባሶ ይሠራበት የለ?» አለ። ሌላው «ለምን ጎማ? በብረት አስረን እንበይደው፣ እድሜ ልክ አይነቃነቅም» አለ። ሽማግሌው መካኒክ ሁለቱንም አልተቀበለም። የከባድ መኪና ጎማ በውስጡ ክርና ሽቦ አለው፣ ደረቅ ነው፤ ከብረቱም ጋር አልተጣበቀም፣ ይንሸራተታል። ብየዳውን በተመለከተ ግን የተናገረው አሁንም ይታወሰኛል፤ «ጎማው የማይሸከመውን ካምቢዮው ይሸከመዋል። ካምቢዮው ደግሞ ሲሰነጠቅ አይበየድም» አለ። ልክ ነው። የቢትል ካምቢዮ ቤቱ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ ለብየዳ አስቸጋሪ ነው። ከጎማው ላይ የተቆጠበችው ገንዘብ የካምቢዮ ዋጋ ሆና ትመጣለች።

ይሄ ነገር ዓለምን ሁሉ ያስቸገረ ነበር። በመጀመሪያዎቹ የመኪና ዘመናት ብዙ ሞተሮች በቀጥታ ከሻንሲው ጋር በቡሎን የታሰሩ ነበሩ። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 850 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 28 ጊዜ ያህል ይመታል። ያ ሁሉ ምት ወደ ወንበሩ፣ ወደ መሪው፣ ወደ ሰውየው ወገብ ይገባ ነበር። በ1931 ክራይስለር በፕሊመዝ መኪናው ላይ ሞተሩን በጎማ ላይ አንሳፍፎ ሲያስቀምጥ «ተንሳፋፊ ኃይል» ብሎ በትልቁ ያስተዋወቀው ለዚህ ነው። በማግስቱ ዓመት የፈረንሳዩ ሲትሮዌን ፈቃዱን ገዝቶ በራሱ መኪኖች ላይ ተጠቀመበት። ሞተሩ ያው ሞተር ነው። የተጨመረው በብረትና በብረት መካከል የገባ ጎማ ነው።

የእኛዎቹ ጎማዎች ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ተፈልገው ተገኙ፤ በአውቶቡስ፣ በረዳት እጅ፣ መራዊ ደረሱ። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። የባትሪው ገመድ ተፈታ። የቤንዚን ቱቦው ተነቅሎ አፉ ተወተፈ። የነዳጅ መስጫው ገመድ፣ የማሞቂያው ገመዶች፣ የዲናሞውና የኮይሉ ሽቦዎች አንድ በአንድ ተነቀሉ፤ መካኒኩ እያንዳንዱን ሽቦ በፕላስተር እየለጠፈ ምልክት አደረገበት። አራቱ ማሰሪያዎች ተፈቱ፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ተስቦ በክሪክ ወረደ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች መቀየር ይቻል ነበር፤ የፊቱን ለመቀየር ግን ካምቢዮው ራሱ መውረድ ነበረበት። «ሁለቱን ብቻ ቀይረን እንተወው፣ የፊቱ ይቆያል» ያለ ሰው ነበር። መካኒኩ «አንዱ አሮጌ ከቀረ አዲሶቹን ይገድላቸዋል» አለና አወረደው።

አሮጌው የፊት ጎማ ሲወጣ ከብረቱ ሙሉ በሙሉ ተላቆ ነበር። የኋላዎቹ በዘይት ራሰው እንደ ማስቲካ ለስልሰዋል። ዘይቱ ከየት መጣ? በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ካለው የዘይት ማገጃ ነው። እሱም ጎማ ነው፤ እሱም አርጅቷል። ማገጃው አብሮ ተቀየረ። ሳይቀየር ቢቀር ኖሮ አዲሶቹ ጎማዎችም እንደ አሮጌዎቹ በዘይት ርሰው ያልቁ ነበር። ይሄንንም እናውቀዋለን፤ ቁስሉን አክመን ስኳሩን ካልተቆጣጠርነው ቁስሉ ይመለሳል።

ሲገጥምም አልቸኮለም። ዳዶዎቹን በመጀመሪያ በጣቱ ብቻ ያዝ አደረጋቸው። ካምቢዮው ገብቶ ቦታውን ሲይዝ፣ ጎማዎቹ እንዳልተጠመዘዙ አይቶ፣ ከዚያ ነው በቁልፍ ያጠበቃቸው። «ጎማ ተጠምዝዞ ከታሰረ ገና ሳይሠራ ያልቃል» አለኝ። በመጨረሻ የፍሪሲዮኑን ገመድ አስተካከለ፤ ፔዳሉ ላይ ጥቂት ነፃ ጨዋታ ተወለት። አባቴ ገቡ፣ አስነሡ፣ አንደኛ አስገቡ፣ ለቀቁ። መኪናዋ እንደ ውሃ ሄደች። ሁለት ሸራ፣ ሁለት ጊዜ የጋራዥ ክፍያ፣ የወራት ጭንቀት፤ የሦስቱ ጎማ ዋጋ ግን የአንዱን ሸራ ግማሽ አይሞላም ነበር።

አሁን ከጎማ ወደ እኛ ሥራ ልምጣ።

በሥራ ዘመኔ ካገለገልኩባቸው ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ስሙን አልጠራውም፣ የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚቀቀልበት አውቶክሌቭ ነበር። ጥሩ ማሽን ነው። ግን በሩ ዙሪያ የሚገባው ላስቲክ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እንፋሎቱ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ግፊቱ መያዝ አለበት። ላስቲኩ ካፈሰሰ ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ ሙቀቱ አይደርስም፤ ሙቀቱ ካልደረሰ ዕቃው ንጹሕ አይደለም። የክፍሉ ነርስ ደብዳቤ ጻፈች። እኔም ጻፍኩ። መልሱ «ለመለዋወጫ የተያዘ በጀት የለም፤ አዲስ አውቶክሌቭ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይያዛል» የሚል ነበር። አዲስ ማሽን ለማቀድ መንገድ ነበረ። ላስቲክ ለመግዛት መንገድ አልነበረም።

ሦስት ሳምንት ያህል የተቀቀለ ዕቃ ከሌላ ቦታ እየተዋስን ቆየን። አንድ ሌሊት ምጥ የተደናቀፈባት እናት መጣች። ከገጠር፣ በቃሬዛ፣ ከዚያ በባጃጅ ነው የደረሰችው። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያችን አለ። ማደንዘዣ የሚሰጠው አለ። ደም አለ። መብራት እንኳ ያን ሌሊት አልጠፋም። ንጹሕ ዕቃ ግን የለም፤ የመጨረሻው ከሰዓት በኋላ ለሌላ እናት ወጥቷል። በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላከች። እናትየዋ ዳነች። ልጇ አልተረፈም። ባሏ ጠዋት ስልክ ደውሎ «ዶክተር፣ ምን ጎደለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ላስቲክ ነው የጎደለው። ይሄን ለአንድ አባት መናገር ምን እንደሚመስል እናንተ ታውቃላችሁ።

ይሄ የአንድ ሆስፒታል ታሪክ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከ16 አገሮች የተሰበሰበ ከ100,000 በላይ የሕክምና መሣሪያ ዝርዝር ተመልክቶ፣ ከመሣሪያዎቹ 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት አይሠሩም ነበር ብሏል። እንግዲህ ማዕዘን ላይ ጨርቅ ለብሰው የቆሙትን ማሽኖች በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ሁላችንም አይተናቸዋል። የኦክስጅን ማሽኑ ማጣሪያው ተደፍኖ፣ የመምጠጫ ማሽኑ ቱቦው ተሰንጥቆ፣ ሞኒተሩ ገመዱ ተበጥሶ። ብዙዎቹ ሞተራቸው ደህና ነው። የሞተው ጎማቸው ነው።

ሰውስ? እዚህ ላይ የራሳችንን ትምህርት ቤት ታሪክ ላስታውሳችሁ። ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የሐኪሞች ትምህርት ቤት አልነበረም። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር። ያሠለጠነው የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ነው፤ በቡድን ወደ ገጠር የሚወጡ ሰዎችን። የሐኪም ትምህርት የተጀመረው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ.፣ ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ማለትም እኛ የመጣነው በእነሱ ላይ ነው። በገበሬውና በሆስፒታሉ መካከል ያለውን ቦታ የያዙት እነሱ ነበሩ፤ አባቴን የመሰሉ የጤና ረዳቶችም አብረዋቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ያንኑ ቦታ ነው የሞላው፤ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች። እናት ሞተች ሲባል ሐኪሙ ይጠየቃል፣ ሆስፒታሉ ይጠየቃል። መንገዱ ላይ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስንት ወር ያለ ሥልጠና እንደቆየች፣ የአምቡላንሱ ሹፌር ስንት ሌሊት እንዳልተኛ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የመሣሪያ ጥገና ባለሙያውም እንዲሁ ነው። ጂማና አዲስ አበባ የባዮሜዲካል ምህንድስና ምሩቃን ያወጣሉ። ተመድበው ሲመጡ ግን ብዙዎቹ የሚያገኙት አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና የተበላሹ ዕቃዎች ክምር ነው። መፍቻ የለም፣ መለዋወጫ የለም፣ የማሽኑ መመሪያ ጠፍቷል። ከዚያ «ባለሙያው አይችልም» እንላለን። ቁልፍና ጎማ ሳንሰጠው የመራዊውን መካኒክ «አትችልም» እንደማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። አልትራሳውንድ አትግዙ አላልኩም። የማደንዘዣ ማሽንም ያስፈልጋል፤ እኔ ራሴ ሌሊት ላይ ተመኝቼዋለሁ። የምጠይቃችሁ ከምንም ግዥ በፊት ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲወስን ነው።

አንደኛ፣ ከመግዛታችን በፊት እንመርምር። ማሽኑን ልንሰጣቸው ወዳሰብናቸው ሆስፒታሎች ሁለት ሰው እንላክ፤ አንድ ሐኪምና አንድ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ። ጨርቅ የለበሱትን ማሽኖች ጨርቃቸውን ገልጠው ይቁጠሩ። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይጻፉ፤ ማሽኑ ምንድን ነው፣ የቆመው ለምንድን ነው፣ የጎደለው ክፍል ስንት ብር ነው። ምናልባት አሥር ማሽን በአንድ ማሽን ዋጋ እናስነሣ ይሆናል። ምናልባትም የለም፣ አዲሱ ነው የሚያስፈልገው ይሆናል። ሳናይ ግን ሸራ አንቀይር።

ሁለተኛ፣ ከምንሰበስበው እያንዳንዱ መቶ ብር ሃያው ለመለዋወጫና ለጥገና ተለይቶ ይቀመጥ፤ በሌላ ነገር እንዳይነካ በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ። የአውቶክሌቭ ላስቲክ፣ የኦክስጅን ማጣሪያ፣ የመምጠጫ ቱቦ፣ የባትሪና የኃይል ማረጋጊያ ገንዘብ ይሁን። አንድ ነርስ ስልክ ደውላ «ላስቲካችን ደርቋል» ስትል በሳምንት ውስጥ የሚመልስላት ሰው ይኑር። ደብዳቤ አይደለም፣ ላስቲክ።

ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ የጥገና ባለሙያ እናሠልጥን፣ መፍቻውንም አብረን እንስጠው። በሚቀጥለው መገናኛችንም እዚህ መድረክ ላይ ይቁምና ሥራውን ይንገረን። እኛ ሁልጊዜ የምናጨበጭበው ለቀዶ ሐኪሙ ነው።

አውቃለሁ፣ ይሄ ነገር ፎቶ አይወጣበትም። አዲስ ማሽን ሪባን ይቆረጥለታል፣ የማኅበሩ ስም በላዩ ላይ ይለጠፋል፣ በዓመት መጽሐፋችንም ይታተማል። ለአንድ ላስቲክ ሪባን የሚቆርጥ የለም። ነገር ግን እኛ ሐኪሞች ነን። የሚጮኸውን ቦታ ብቻ አይተን እንድናዝዝ አይደለም ጎንደር ያስተማረችን።

የአዳራሹ በር ላይ አንድ ዝርዝር አስቀምጫለሁ። ለመጀመሪያው ጉብኝት መሄድ የምትችሉ ስማችሁንና የምትችሉበትን ወር ጻፉ። ከመራዊ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለውን መንገድ እኔ እወስዳለሁ፤ የሌላውን አቅጣጫ እናንተ ተካፈሉት። በሦስት ወር ውስጥ ዝርዝሩ ለኮሚቴው ይደርሳል፣ ከዚያ ተቀምጠን ስለ ማሽኑ እንነጋገራለን።

ምሳው ሳይቀዘቅዝ እንነሣ፤ ዝርዝሩን ግን ሳትፈርሙ እንዳታልፉ።